ማሳ አስራ ሰባት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል»
ይላል የኛ ተረት፤
ሳስካቱን በጥር ግን ንጋቱም ሰነፍ ነው፣
ብቅ አይልም እስከ ሦስት ሰዓት።

ወንዙ ከድልድዩ ሥር ግማሹ ጠጥሯል፣ ግማሹ ይፈሳል።
ሕንጻው ውስጥ እኔና አንድ ማቀዝቀዣ ነን፤ እሱም ያጉረመርማል።
ጽሑፉ ዛሬ ሌሊት ለመጽሔቱ ይላክ ተብሏል።

ሦስት በጋ ሙሉ (የነሱ በጋ ነው፣ በኛ ክረምት)፣ ሃያ አራት ማሳ ምስር፣
ግማሹ መድኃኒት የጠጣ፣ ግማሹ እንዲሁ የተዘራ ዘር፤
ቅጠል በቅጠል የበሽታው ጠባሳ ሲቆጠር፣ ሲመነዘር፣
ይኸው ተጠቃሎ ገባ፣ ከአራት ሥዕልና ከሁለት ሠንጠረዥ ሥር።

መጽሔቱ ሕግ ያበዛል። የመስመር ቁጥር በግራ፣
የሥዕሉ ጥራት በልኩ፣ ማጣቀሻው በተራ፤
አጽሕሮተ ጥናቱም ከሁለት መቶ ሃምሳ ቃል እንዳያልፍ፤
ካለፈ በሩ አይከፈትም፣ ብታንኳኳም ብትለፈልፍ።

ፔትሪሺን፣ አለቃዬ፣ ክፋት የማያውቅ ሰው፣
ትናንት ሥዕሉ ላይ ጎንበስ ብሎ አንዷን ነጥብ በጣቱ ነካት፤
«ትርሲት፣ ይቺ ከመንጋው ተለይታ ምን ታደርጋለች?
አስራ ሰባት ረግረግ ነው፣ ዝናብ ተኝቶበት ይሆናል። አውጫት።»

አወጣኋት።
ሁላችን የምንሰግድለት ያ ቁጥር፣
ውጤቱ የአጋጣሚ ነው የሚያሰኘው፣
ከመቶ ስምንት ነበር፤ ሦስት ላይ ወርዶ አደረ።
እኔም ብዕሬ ደፈረ፤
«ያረጋግጣል» አልሁ፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ» አልሁ፣ «እጅግ» አልሁ፣
ሙሽራ እንደሚኳል ሰው፣ ኩሉን ሳበዛው አልታወቀኝም።

ከዚያ የጥናት ዘዴው ላይ አንድ ቀን ጎደለኝ። ሐምሌ ስንት ነበር?
የዳርሊንን ደብተር ከመሳቢያው አወጣሁ፤
ሽፋኑ ቢጫ፣ ጠርዙ ላይ ደርቆ የቀረ አፈር።
ዳርሊን ዲግሪ የላትም። በአባቷ እርሻ ምስር ስታርም ያደገች፣
ጡረታ የወጣች ዕለት ኬኩን ቆርሳ፣ ደብተሯን አስረክባ፣
«ጽሕፈቴ ይነበባል?» ብላ የሄደች፤
በጽሑፋችን መጨረሻ፣ ምስጋናው ውስጥ፣
ከትራክተር አከራዩና ከገንዘብ ሰጪው መካከል
በደቃቅ ፊደል የሰፈረች።

ገጽ አርባ አንድ። ማሳ አስራ ሰባት። በእርሳስ፦
«ዝናብ የለም። አፈሩ ደረቅ።
ቁጥሩ አላማረኝም፤ ሁለቴ ቆጠርሁ።
ያው ነው።»

ያው ነው።
ማቀዝቀዣው ዝም አለ።
ታየችኝ፤ ተንበርክካ፣ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ፣
ትንኙን በባርኔጣዋ እያባረረች፣
እንደገና ከአንድ ስትጀምር።
እኔ ደግሞ በአንድ ጣት፣ ወንበሬ ሳይንቀሳቀስ፣
ሰርዣታለሁ።

መለስኳት።
ቁጥሩም ስምንት ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤
«ያረጋግጣል» ወርዶ «ይጠቁማል» ሆነ፤
ግሥም እንደ ሰው ነው፣ ከበቅሎ ሲወርድ
መጀመሪያ ያፍራል፣ ኋላ ይራመዳል።

«ከአንድ ማሳ በቀር» ልል ፈለግሁ። ሦስት ቃል። ቦታ የለም።
ሁለት መቶ ሃምሳው ሞልቷል፤ መጽሔት እንደ ሚኒባስ
«ጠጋ ጠጋ በሉ» አያውቅም።
«እጅግ»፣ ውረድ። «ለመጀመሪያ»፣ ውረድ። «ጊዜ»፣ አንተም።
ሦስት ኩሩ ወረዱ፣ ሦስት ትሑት ተሳፈሩ፤
ሒሳቡ ሳይጎድል፣ ሳይተርፍም።

ቀጥሎ ከደራሲዎቹ ተርታ፣ ከስሜ ዝቅ ብሎ፣ ከስሙ በፊት፣
«ዳርሊን ሞፋት» ብዬ ጻፍሁ።
መላኪያውን አልተጫንሁም። ሳትጠየቅ ማንም አይፈርምላትም፤
ለሷም ለሱም ደብዳቤ ጻፍሁ፣
«ገጽ አርባ አንድን ተመልከቱ» አልሁ፣
ከዚያ ካፖርቴን ተከናንቤ ጠረጴዛው ላይ ተኛሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ያ ሰነፍ ንጋት ደረሰ።
የሷ መልስ ገና ነው።
የፔትሪሺን ግን መጥቷል፤ ሰላምታ የለውም፣ እንዲህ ይላል፦
«ሌሊቱን ተናደድሁ። ጠዋት ደብተሩን አየሁ።
‹ሞፋት› በሁለት ኤፍ፣ በሁለት ቲ ነው የሚጻፈው፤
አንቺ አንድ አንድ አድርገሻል።
ሁለቴ ቁጠሪ።»